አባሪ

በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በአብዛኛው ማመልከቻ የሚባል ነገር የለም። ይህን የምጽፈው የማታውቁት ነገር ነው ብዬ አይደለም፤ ሁላችንም በዚሁ በር ነው የገባነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትፈተናለህ፣ ቁጥር ይወጣልሃል፣ የዩኒቨርሲቲዎችን ስም በምርጫህ ተራ ትሞላለህ፣ ከዚያ በኋላ ምደባ መጠበቅ ነው። ምደባ! ቃሉን ልብ በሉት። በጀት ይመደባል፣ ወታደር ይመደባል፣ ተማሪም ይመደባል። «ለመሆኑ አንተ ማነህ? ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደግነቱ፣ የሚጠይቅ ስለሌለ የሚያዳላም የለም፤ የመርሳ ልጅና የቦሌ ልጅ አንድ ዓይነት ክብ ነው የሚያጠቁሩት። (የመርሳው ልጅ ላቦራቶሪ በዓይኑ ሳያይ የኬሚስትሪ ክብ ማጥቆሩን ለዛሬ እንለፈው።)

የእኔ ተራ የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። ከነዚያ አንዱ በመሆኔ ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ቁጥር ስለ እኔ ምን እንደተናገረ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚህ ደንብ ወጣ ያሉ ጥቂት በሮች መኖራቸው አይካድም። አዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተውና ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። እነዚህ ተማሪው ጆሮውንና እጁን እንዲያሳይ ይፈትኑታል። መልካም ነው። ነገር ግን ከመርሳ አዲስ አበባ በደሴ በኩል 490 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ቢገፋ እንኳ፣ በዕድሜው የሥዕል መምህር አይቶ የማያውቅ ልጅ ሥዕል የሚያስፈትን ነገር መሆኑን በምን ያውቃል?

በጥንቱ ትምህርት ነገሩ ሌላ ነው። የእኛው የሰሜን ወሎው ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሣ የቅኔ ቤት ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ነጥብ አይጠየቅም፤ ግን በየዕለቱ የራሱን ቅኔ መቁጠር አለበት። የትናንቱን ዛሬ ቢደግም አይቆጠርለትም፤ የጓደኛውን ይዞ ቢቀርብ ደግሞ መምህሩ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርስ ይነቃበታል። እዚያ የራስ ሥራ ከወረቀት ጋር የሚሰፋ ነገር አይደለም፤ ራሱ ትምህርቱ ነው። ይህን ያነሣሁት የድሮውን ለማሞገስ ብቻ አይደለም (የቅኔ ተማሪ ረኃቡንና ቁንጫውን እሱ ይወቀው)፤ ኋላ ለምናገረው ነገር ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። በ2016 መጀመሪያ ላይ፣ አዲስ አበባ የምትማር የአክስቴ ልጅ ደወለችና አሜሪካን አገር ያሉ ኮሌጆች የውጭ አገር ድኻ ተማሪ ሙሉ ወጪውን ችለው እንደሚቀበሉ ነገረችኝ። ሁሉም አይደሉም። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. እና አምኸርስት ያሉት ጥቂቶች ናቸው ተማሪው ገንዘብ የለውም ብለው በር የማይዘጉት፤ እነዚያም ቢሆኑ ከዓለም ዙሪያ ከሚጎርፈው አመልካች ከመቶ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያስገቡት። «ሞክር፤ ከመሞከር ምን ይቀርብሃል?» አለችኝ። ሞከርሁ።

የእነሱ ማመልከቻ ማመልከቻ ነው። የአራት ዓመት ውጤት ይጠይቃል፣ የመምህራን ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ስለ ራስህ በ650 ቃል፣ ከዚያ ሳታስበልጥ፣ ጽሑፍ እንድታቀርብ ይጠይቃል። የአንድ ሰው ሕይወት በ650 የእንግሊዝኛ ቃል! እሱም ይሁን። ከሁሉ በታች ግን አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረች፦ ከፈለግህ ተጨማሪ የፈጠራ ሥራ ማቅረብ ትችላለህ፤ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ፊልም፣ ድርሰት። ከፈለግህ ነው፤ ግዴታ አይደለም። በሌላ ድረ ገጽ ነው የሚገባው፤ ክፍያ ያለውም አለ፤ ከዋናው ቀን ቀድሞ የሚዘጋም አለ። ኮሌጆቹ ይህን ሲያብራሩ አንድ የሚደጋግሙት ምክር አላቸው፦ ሥራህ በእርግጥ ላቅ ያለ ከሆነ ላክ፤ እንዲያው ደህና ከሆነ ግን ባትልከው ይሻላል፤ ዶሴ ማሳበጥ አይጠቅምም፣ ሊጎዳም ይችላል።

በእኛ የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ከደብዳቤ ጋር የሚሄድ ተጨማሪ ወረቀት «አባሪ» ይባላል። ከደብዳቤው ግርጌ «አባሪ፦ 3 ገጽ» ተብሎ ይጻፋል። አባሪ ደግሞ በሌላው ፍቺው አብሮ አድራጊ፣ ተባባሪ ማለት ነው፤ «አባሪ ተባባሪ» እንላለን በክስ ላይ። ይላክ ወይስ ይቅር እያልሁ ሁለት ወር ስጨነቅ ይኸ ሁለተኛው ፍቺ ነበር ሲያንገላታኝ የከረመው።

ምን ነበረኝ? እንቁጠረው። አንድ ሰማያዊ ደብተር፣ ሃያ አንድ ግጥም። ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የጻፍሁት አንድ አጭር ድራማ (እሱን ተዉት፤ ሁለቱ ተዋንያን በሳቅ ስለፈነዱ ነው የተወደደው)። ሦስተኛው፣ በ2014 በስልክ የቀዳሁት የሰባት ደቂቃ የአያቴ መንዙማ።

ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያም መርሳም በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ያን ጊዜ ደብተሩ ከቤቱ ካርታና ከአባቴ ምሥክር ወረቀቶች ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ነው የከረመው። ዛሬም ስትከፍቱት የጉድጓድ ማሽላ ይሸታል። ከሃያ አንዱ አራቱ የተጻፉት በዚያ ወራት ነው፤ ከሥራቸው ቀኑ አለ።

ምክር የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ያለ ምንም ማቅማማት «አራቱን ላካቸው» አለኝ። ወልድያ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ በተለይ ነገሩን አፍረጠረጠው። «ፈረንጅ ከእኛ የሚፈልገው ረኃብ ነው ወይ ጦርነት፤ ወሎ ደግሞ ሁለቱንም አሟልቶ ይዟል። ምን ታስባለህ?» አለኝ። ሳቅን። ቤት ስገባ ግን ደብተሩን አውጥቼ አራቱን ግጥሞች ቀኑን በእጄ ሸፍኜ አነበብኋቸው። እናንተም ሞክሩት፤ ክፉ ፈተና ነው። ቀኑ ሲሸፈን ሁለቱ ጩኸት ብቻ ሆኑ፤ አንዱ ከሬዲዮ የሰማሁትን ቃል የሚደግም ነበር፤ አንዱ ብቻ፣ አክስቴ ዱቄቱን ከአመድ ጋር ቀላቅላ የደበቀችበት፣ በራሱ እግር ይቆማል። የቀሩትን የሚያቆማቸው ቀኑ ነው። ኮሌጅ ውስጥ የተቀመጠው አንባቢ ቀኑን ያያል፣ ካርታ ላይ መርሳን ይፈልጋል፣ ያዝናል። ሐዘኑ እውነተኛ ይሆናል፤ አልጠራጠርም። ግን ያዘነለትን ነገር እኔ አልሠራሁትም። በዚያ ወራት የሞቱ ጎረቤቶቼ ናቸው ለእኔ ነጥብ የሚያመጡልኝ።

ደግሞስ የወሎ አባሪ ከተላከ ቆይቷል። በ1966ቱ ረኃብ ጊዜ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1973 ለዓለም ታየ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ደግሞ የመሐመድ አሚን ካሜራ ኮረም ላይ (ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች) ያየው ሁሉ በየአገሩ ቴሌቪዥን ዞረ። እነዚያ ፊልሞች እህል አመጡ፤ ነፍስ አዳኑ፤ ስለዚህ ክፉ አልናገራቸውም። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ ከተቀመጡት እናቶች ስንቷ ናት «ይላክ» ያለችው? ፊቷ ስንት አገር እንደደረሰ ሳታውቅ ያረፈች ስንት አለች? ዛሬ ወሎ ስትል በውጭ አገር ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ፊት ነው። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አራት ግጥም ይዤ በዚያው ሰልፍ ልቆም ነው? አልወደድሁትም።

እንግዲህ ግጥሞቹን ለጊዜው ወደ ጎን አልሁና ወደ አያቴ ዞርሁ። አያቴን እኛ ቤት «እማ» ነው የምንላት፤ እናታችንን በስሟ። በእናቴ በኩል ሙስሊም፣ በአባቴ በኩል ክርስቲያን ነን፤ ይህ ለወሎ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። እማ ወዳጃ በተደረገ ቁጥር መንዙማ የምታወጣ ናት። ቡናው ቀርቦ፣ ጭሱ ተጪሶ፣ ድቤው ሲመታ እሷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዜማውን ከእናቷ ነው የያዘችው፤ እናቷ ደግሞ ከዳና ሰዎች። ዳና ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ስሙ የገነነ፣ የየጁ የእስልምና ትምህርትና የመንዙማ አገር ነው። ያ የሰባት ደቂቃ ቅጂ ከሃያ አንድ ግጥሞቼ ሁሉ ይበልጣል። ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም፤ ጆሮ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሄጄ ጠየቅኋት።

«እማ፣ ያን የቀዳሁትን መንዙማሽን ልላከው ወይ?»

«የት?»

«አሜሪካን። ትምህርት ቤት።»

«ማን ሊሰማው?»

«አስተማሪዎች።»

«ሰምተው ዱዓ ያደርጋሉ?»

«ኧረ የለም፤ ይመዝኑታል። ጥሩ ነው አይደለም ይላሉ።»

ትንሽ ዝም አለች። ቀጥላ «ድምጤን ነው የሚመዝኑት ወይስ ነቢን?» አለችኝ።

ምን ልመልስ? «ድምፅሽን» አልኋት።

«እንግዲያ ያንን እንዳትልከው» አለች ቆጣ ብላ። «ያን ለት ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ቁጭ ብለህ እንደገና ቅዳኝ።»

እኔ የጠበቅሁት «ይኸ ለመጫወቻ አይደለም፣ ለአላህ ነው» የሚል ተግሣጽ ነበር፤ ወይም ደግሞ «ውሰደው የኔ ጌታ፣ ካገዘህ» የሚል ምርቃት። ጉንፋኑን አልጠበቅሁም! ለካስ እማ ያን ቅጂ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዷ ስትነቅፈው ኖራለች። አራተኛው ዙር ላይ ትንፋሽ አጥሯት አንድ ስንኝ መዝለሏን እኔ አላወቅሁም፤ እሷ ታውቃለች። ሰው ስለ ሥራው እንዲህ የሚሳሳው ሥራው የራሱ ሲሆን ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ በልቤ «የሕዝብ ሀብት ነው፣ ባለቤት የለውም፣ እኔ ቀዳሁት እኔ ልላከው» የሚል ነገር ነበር። ሥነ ቃል ስንማር «ደራሲው አይታወቅም» ተብለን የለ? ይኸውና ደራሲዋ ፊቴ ተቀምጣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር ትላለች።

ሐሙስ ለት እንደገና ቀዳኋት። ጎረቤቶች መጡ፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ነበሩ። እሷ ስታወጣ እነሱ ሲቀበሉ፣ አንዷ በመካከል ስታነባ፣ ሌላዋ ለልጇ ስም ጠርታ ስትለምን፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሄደ። ቅጹ ደግሞ «በዚህ ሥራ ውስጥ የአመልካቹ ድርሻ ምንድን ነው?» ይላል። የእኔ ድርሻ ስልክ መያዝ ነበር። ቅጂውን መልሼ ሳሰማት ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ይኸ ይሻላል። አስቀምጠው» አለች። አስቀምጠው ነው ያለችው፤ ላከው አላለችም። ደግሜ አልጠየቅኋትም።

ለመላክስ ቢሆን ቀላል መሰላችሁ? ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ሰሞን ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ እንደተዘጋም ወራት ቆየ። እኔ ማመልከቻውን በዓይኔ ሳላይ ነው ያመለከትሁት። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ሆና ጥያቄውን በስልክ ታነብልኛለች፣ እኔ በወረቀት ጽፌ መልሱን አነብላታለሁ፣ እሷ ታስገባለች። 650ውን ቃል ፊደል በፊደል ነው ያስጻፍኋት። ድምፅ ግን እንዲህ አይላክም። ሚሞሪ ካርዱን ለሾፌር ሰጥቶ በደሴ በኩል መላክ ነበር ያለው መንገድ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል፤ በየኬላው ስልክም ኪስም ይፈተሻል። የማላውቀውን ሰው፣ የአሥራ ሦስት ሴቶች ድምፅ ያለበት ካርድ አስይዤ፣ «ይኸ ምንድን ነው?» ቢሉት ምን ይመልሳል? እሱን ራሱን የእኔ አባሪ ላደርገው ነው። ካርዱ እዚያው የእማ ሳጥን ውስጥ ቀረ።

የቀረው ግጥም ነው። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ አንባቢዎቹ አማርኛ አይችሉም። ከደብተሩ ሁሉ ጓደኞቼ የሚወዱት ይህ ነበር፦

መርሳ ላይ ተወልጄ፣ መርሳቱ መች ገባኝ፤
የሄደ ሰው ሁሉ፣ ስሜን እየጠራኝ።

ሁለተኛው መስመር ቤት ለመምታት የመጣ እንጂ ብዙም የሚባልለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ግን ለአገሬው ልጅ ይበቃዋል። እንግሊዝኛ አድርጉት እስቲ! የከተማው ስም ወዲያ፣ መርሳቱ ወዲህ ይቀራል። ከሥር «መርሳ የከተማ ስም ሲሆን በአማርኛ ደግሞ…» ብዬ ማስታወሻ ጻፍሁለት፤ ግጥሙ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ መሰለ። ሰረዝሁት። ሰምና ወርቅ ያለው ነገር ሁሉ በዚህ መንገድ ወደቀ። የተረፉት ሁለት ብቻ ሆኑ። አንዱ ማሽላ ጥበቃ ማማ ላይ ስለሚውል ልጅ ነው፤ ግሪሳውን በወንጭፍ እያባረረ፣ ወፎቹ ጠዋት ከእሱ ቀድመው እንደሚነሡ የሚናደድ። ሌላው መርሳ ላይ አውቶቡስ ሲቆም ማንጎ ይዘው በመስኮት ስለሚሻሙ ሴቶች ነው፤ አንዷ ሒሳቧን ሳትቀበል አውቶቡሱ ተነሥቶ እየሮጠች ስትሳደብ። በሁለቱም ውስጥ ጦርነት የለም፤ ረኃብም የለም፤ ቀንም የላቸውም።

ያን ሰሞን አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ምክር ጠይቄ «ግጥም ከማመልከቻ ጋር ሲያያዝ እሱም ማመልከቻ ይሆናል» ብለውኛል። ይህ ቃል ሌሊት ሌሊት ያነቃኝ ነበር። የዚህን አገር የተማሪ ግጥም ታሪክ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በጃንሆይ ፊት ጭምር ግጥም ያነቡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ በ1953 «ደሃው ይናገራል» ያለው፣ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) በ1959 «በረከተ መርገም»ን ያነበበው በዚያ መድረክ ነው። እነዚያ ግጥም ያነበቡት ለመግባት አልነበረም፤ ከገቡ በኋላ፣ ያላቸውን ለማጣት ዝግጁ ሆነው ነው። ገሞራውም ብዙውን ዕድሜውን በስደት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ስዊድን አገር አረፈ። የእኔ ሁለት ግጥሞች ከእነሱ ጋር በአንድ ቀን የሚጠሩ አይደሉም። ግን ልዩነቱ የጥራት ብቻ አይደለም። የእነሱ ዋጋ ያስከፍላል፤ የእኔ ዋጋ ሊያመጣልኝ ነው።

የሆነ ሆኖ፣ መምህሩ ትክክል ናቸው ብዬ እጄን ብሰበስብ ደግሞ ምን ሊቀር ነው? ቁጥር። ስድስት መቶ ሃምሳ ቃል በሰው ቋንቋ። የዋድላው ተማሪ በየቀኑ ሥራውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቆማል፤ ሊለምን አይደለም፣ ሊሰማ ነው እንጂ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ አንድም መምህር «የጻፍኸውን አምጣ እስቲ፣ ልይልህ» ብሎኝ አያውቅም። የሚጠይቅ ከተገኘ፣ ያውም ባሕር ማዶ ሆኖ፣ ያውም «ከፈለግህ» ብሎ፣ ዝም ማለት ለእኔ ጨዋነት አልመሰለኝም፤ ኩራት ነው የመሰለኝ። ስለዚህ ሁለቱን ለመላክ ወሰንሁ፤ በአማርኛ እንዳሉ፣ ከጎናቸው ጥሬ ትርጉም ተደርጎ። አያቴም፣ አራቱም የዚያ ወራት ግጥሞች ቤታቸው ይቀመጡ።

ለአክስቴ ልጅ ያስጻፍኋት ታኅሣሥ 16 ማታ ነው፤ የሚዘጋው ታኅሣሥ 22 ነበር። ኔትዎርክ ፍለጋ ከቤታችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ፣ በእጅ ባትሪ እያበራሁ አነብላታለሁ። የማማውን ዝም ብላ ጻፈችው። ማንጎ ሻጭዋ ጋ ስደርስ፣ ሴትዮዋ አውቶቡሱን እየሮጠች ሾፌሩን በሰባት ቤት ስትረግመው፣ መጻፏን አቆመችና ሳቀች። እንዲህ ሳቀች እንጂ! «ቆይ ቆይ፣ ያቺን ስድብ ድገማት» አለች። ደገምኋት። ስልኩን ሳትዘጋ ለክፍል ጓደኛዋ ስትነግራት ሰማሁ፤ የማላውቃት ልጅ፣ የጎጃም ልጅ ትመስላለች በአነጋገሯ፣ እሷም ሳቀች። «እኛም አገር እንዲህ ያለች አለች» ስትል ተሰማኝ። ካርዴ ሊያልቅ ሲል ነው የዘጋሁት።

መልሱ በመጋቢት መጣ። «እናዝናለን፣ ዘንድሮ ብዙ ብርቱ አመልካቾች…» ይላል። ሦስት ኮሌጅ፣ ሦስት እንዲህ ያለ ደብዳቤ። ስለ ግጥሞቹ አንድም ቃል የለም፤ የግጥም አስተያየት መስጠት ልማዳቸው አይደለም። አንድ ሰው ያንብባቸው አያንብባቸው የማውቅበት መንገድ የለም። እኔም በምደባው መሠረት እዚህ ግቢ መጥቼ ከእናንተ ጋር ምስር ወጥ እየጠበቅሁ እገኛለሁ። እማ ለክረምት ስሄድ «እነዚያ አስተማሪዎች ምን አሉ?» ብላ ጠይቃኛለች። አልላክሁትም ብላት «አውቃለሁ» አለችና ሌላ ወሬ ጀመረች። ካርዱን ግን ከሳጥኑ አስወጥታ በታናሽ ወንድሜ ስልክ አስገብታዋለች። ወዳጃ በሌለበት ሰሞን እሱን ትሰማለች አሉ።

ያ ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሥዕል ይሥላል፤ በእርሳስ፣ በደብተር ጀርባ። ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ላከልኝ፦ እማ ዓይኗን ጨፍና፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ። እጇን አልቻለበትም፤ ፊቷን ግን ይዞታል። «አዲስ አበባ ለሥዕል ትምህርት ቤቱ ይዤው ልሂድ ወይ?» ይላል ከሥሩ። እሷን ጠይቀሃል ወይ ብዬ ጽፌለታለሁ። «እጄን ሳታስተካክል የትም አትወስደውም ብላኛለች» ብሎ መለሰልኝ። አሁን እጅ እያጠና ነው፤ ወረቀት ላክልኝ ብሎኛልና ከእናንተ መካከል ያልተሰመረበት ነጭ ወረቀት የተረፈው ካለ ማደሪያ ክፍሌ ብቅ ይበል።